ቴነሩ ዝም ያለ ቀን

የሰደቡት ዳኛው ናቸው። ሌላ ማንም አይደለም። ቀኑ እሑድ ነበር፤ ምሳ ተበልቶ ሳህኑ ገና ሳይነሳ፣ በዳኛው ሳሎን ውስጥ፣ ተሰዳቢው ራሱ ከጓደኞቹ ጋር ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ካወጣው ጥቁር ፒያኖ አጠገብ። ዳኛው ጡረታ ወጥተዋል፤ መፍረዱን ግን ጡረታ አላወጡትም። ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ እንዲህ አሉት፦

«ስማ አንተ ልጅ። አንተም ፒያኖ ትነካለህ፣ ልጄም ፒያኖ ትነካለች። እሷ በጣቷ፣ አንተ በጀርባህ። ይቺን ልዩነት ካወቅህ ሌላ ትምህርት አያስፈልግህም።»

እንግዶቹ ሳቁ። አንዲት አክስት ውሃ እየጠጡ ነበርና ሳቁ ትን አላቸው። ያልሳቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የዳኛውን ልብ የሚከታተለው ወጣት ሐኪም። ሐኪሙ ዓይኑን ወደ ሳህኑ ሰበር አደረገ። ይሄ ደግሞ ከሳቁት ሁሉ ይልቅ አንገበገበው። የሚስቅብህን ሰው ትጠላዋለህ፤ የሚያዝንልህን ግን ምን ታደርገዋለህ?

ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም። ዳኛው ነገሩን ከምሳው ጋር አብረው ፈጭተውት ይሆናል። እሱ ግን በኋላ ስንት አገር ዞሮ፣ ስንት መድረክ ላይ ቆሞ፣ አበባ እግሩ ሥር ሲወድቅ እንኳ ያቺ የጥርስ ስንጥር ከዓይኑ አልጠፋችም።

ያኔ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ነበር። ቤት የሚቀይሩ ሰዎችን ቁም ሣጥን፣ ማቀዝቀዣ፣ አልጋ ደረጃ ለደረጃ ያወጣል፣ ያወርዳል። ትምህርቱን ሰባተኛ ክፍል ላይ ትቶታል፤ ወይም እሱ እንደሚለው፣ ትምህርቱ እሱን ትቶታል። ከጓደኞቹ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ከባድ ዕቃ ሲነሳ «በል ያዝ፣ አንሳ» ብሎ የሚጠራው እሱ ነው። ጥሪውን ሲያወጣው ጣራ ላይ ያሉ እርግቦች ይበረግጋሉ። ስለዚህ ጡሩምባው አሉት፤ በዚያው ቀረ።

ያን የዳኛውን ፒያኖ ሲያወጡ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ። አራት ሰው በአንድ እግሩ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ጡሩምባው ጊዜ ለመግዛት ጥሪዋን ሳባት፣ አስረዘማት፣ ወደ ላይ ለቀቃት። ከሦስተኛው ፎቅ አንዲት ልጅ በደረጃው ድጋፍ ላይ ተንጠልጥላ ወደ ታች አየች።

«ቆይ፣ ቆይ። እስቲ ያንን ድገመው» አለች።

የጫኞቹ አለቃ ከፒያኖው ሥር ሆኖ «እመቤት፣ ሸክሙ ጀርባችን ላይ ነው። ዘፈኑን ካወረድነው በኋላ ብናደርገው?» አላት።

«አይሆንም። አሁን፣ ሸክሙ ላይ እያለ።»

ጡሩምባው ደገመው። ለምን እንደደገመው ራሱም አያውቅም። ፒያኖው ገብቶ ቦታውን ሲይዝ ልጅቷ ክዳኑን ከፍታ አንዲት ጥቁር ቁልፍ መታች። ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ሲንሳፈፍ ቆየ።

«ይቺን ነው የጮኽከው። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ፀጉር ሳታዛንፍ።»

«ጥሩ ነው መጥፎ?»

«እኔ እንጃ» አለችው ክንዷን እያሻሸች፤ «ብቻ ገላዬን ወረረኝ።»

እሷ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ለዘፋኞች ፒያኖ ትመታ ነበር። ቀን ቀን ሲሸከም ይውልና ሥራ ሲያልቅ እዚያ ይሄዳል። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ፒያኖ፣ አንድ ወንበር፣ የማይዘጋ መስኮት። መጀመሪያ ሰሞን ላቡ እየሸተተ እንደሆነ ስለሚያውቅ በሩ ሥር ይቆም ነበር።

«ጠጋ በል እንጂ፣ ፒያኖው አይናከስም» ትለዋለች።

«ምን ብዬ ልጥራሽ?»

«በስሜ።»

«ስምሽ ለአፌ ይከብደኛል። የኔታ ይሻላል።»

«የኔታ እኮ ፂም አለው!»

«ቀስ ብሎ ይበቅላል፣ ጊዜ ስጪው» አላት። ሳቀች፤ ሳቋ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመና ዓይኗ ዓይኑ ላይ ቀረ። ሁለቱም ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ውጭ ግን የሚታይ ምንም አልነበረም።

ትንፋሽ ያስተማረችው እሷ ናት። መዳፏን ጎኑ ላይ አድርጋ «ከዚህ ሳብ፣ ከላይ አይደለም፣ ከዚህ» ትለዋለች። ሸክም የሚያነሳበትን ትንፋሽ ዜማ እንዲያነሳበት አደረገችው። ኖታ ማንበብ ግን አልሆነለትም። ወረቀቱን ሲያየው ጉንዳን የሚርመሰመስበት ይመስለዋል።

«እነዚህን ጉንዳኖችሽን ሰብስቢያቸው የኔታ። እኔ የሰማሁትን አልረሳም፣ ያየሁት ነው የማይገባኝ።»

ስለዚህ ካሴት ትቀዳለት ጀመር። መጀመሪያ የባዕዱን አገር ቃል ቀስ አድርጋ ትናገራለች፤ ቀጥላ ትርጉሙን ትነግረዋለች፤ ከዚያ ዜማውን በአንድ ጣት ትመታለታለች፤ በመጨረሻ አጃቢውን ብቻ ተጫውታ ለእሱ ድምፅ ቦታ ትተውለታለች። አንድ ሙሉ ኦፔራ እንዲህ ጆሮው ውስጥ ይገባል። ዓለም ቴነር፣ የከፍተኛው የወንድ ድምፅ ባለቤት፣ ብሎ ያጨበጨበለት ሰው የተሠራው ከእሷ ድምፅ ነው።

አንድ ሕግም ሰጠችው። በሚዘፍንበት ቀን መናገር የለም።

«ሹክ ማለትም አይቻልም፤ ሹክሹክታ ከጩኸት ይልቅ ጉሮሮ ይጎዳል። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ በጣትህ ጠቁም እንጂ ‹እሳት› እንዳትል። አፍህ የሚከፈተው መድረክ ላይ ነው።»

መጀመሪያ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የዘፈነ ቀን፣ ከጠዋት ጀምሮ እሱ ወደሚኖርበት ወደ ታላቅ እህቱ ቤት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ ብቻውን ዝም እንዳይል እሷም ዝም አለች። እህቱ ምስር እየለቀመች አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ታያለች።

«ምነው፣ ተኳርፋችኋል?»

ሁለቱም አይደለም እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ ምን ይዘጋችኋል? አፍ የሌለው እንኳ ይጮሃል። እኔ አማት ብሆን እንዲህ ያለች ምራት ነበር የምፈልገው፤ ለእናንተ ግን እንጃ።»

የኔታ ሳቋን ለማፈን ፊቷን በስካርፏ ሸፈነች። ስካርፉን ዝቅ ስታደርግ እሱ እያያት ነበር። ዓይኗን አላሸሸችም። ከሰዓት በኋላው ሙሉ እንዲህ አለፈ፤ እሷ ሎሚ ስትቆርጥለት፣ እሱ ሲቀበላት፣ ጣት ከጣት ሲነካካ፣ ደግሞ ሲላቀቅ። ሰው በሺህ ቃል የማይባባለውን በዚያ ቀን ተባባሉ። ማታ አዳራሹ ውስጥ አፉን ሲከፍት ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመው ነው የወጣው፤ ሰዉ ግን ኦፔራ መሰለው።

ከዚያ ነው አባቷ ዘንድ ምሳ የወሰደችው። ከዚያ ነው ስንጥሯ የመጣችው።

ከምሳው በኋላ ደረጃው ላይ ተከተለችው።

«አባዬን ልብ አትበለው። አፉ ክፉ ነው እንጂ…»

«ልብ አላልኩትም።»

ልብ ብሎታል። ደረጃውን ሁለት ሁለት እያደረገ ሲወርድ ክንዱን ያዘችው።

«እንጋባ። ፈቀደም አልፈቀደም።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን እሺ ይል ነበር። ደስታ ቤቱ ድረስ መጥታ በር ስታንኳኳ ማን «ቆይ ጫማዬን ላጥልቅ» ይላል? እሱ ግን አለ።

«እንዲህ ሆኜ አላገባሽም። ሄጄ፣ ሰው ሆኜ፣ አባትሽ ስሜን ጋዜጣ ላይ እያነበቡ ቁርሳቸው ጉሮሯቸው ላይ ሲቆም ያን ጊዜ እመጣለሁ።»

«እኔ ጋዜጣ አይደለም የምፈልገው።»

«እኔ እፈልጋለሁ» አላት።

ብዙም ሳይቆይ ከውጭ አገር የመጡ መምህር ሰሙትና ጉዳዩን ጨረሱለት። በአንድ ቀዝቃዛ ከተማ የኦፔራ ቤት ውስጥ ለትናንሽ ሚናዎች ቀጠሩት። ሲሸኙት እህቱ አለቀሰች፣ የጫኞቹ አለቃ «እዚያ ማንሻ ማሽን አላቸው አሉ፣ ጀርባህ አረፈ» ብሎ ቀለደ፤ የኔታ ግን አንገቱ ላይ ያለውን ስካርፍ ፈትታ እንደገና አጥብቃ አሰረችለት።  

በዚያ አገር የሚጠሩት በአባቱ ስም ነበር፤ እሱንም አጣመው። ካሴቶቹ በፖስታ ይመጡለታል። ሚናው ያልቅና የካሴቱ ጥግ ላይ ትንሽ ክር ይተርፋል፤ እዚያ ላይ ታወራለታለች።

«በል፣ ሦስተኛው ገቢር አለቀ። አሁን የኔታ አይደለሁም፣ እኔ ነኝ። ዛሬ ሲዘንብ ዋለ። መስኮቱ ዛሬም አልተዘጋም። አንተ የምትቆምባት በር ሥር ውሃ ገባ፣ ወልውዬ ወልውዬ ደከመኝ። እንግዲህ… እንግዲህ ደህና ሁን።»

ሌሊቱን ሚናውን አልነበረም የሚሰማው። ያችን ጥግ ነበር።

ስድቡ እዚያም ተከትሎት ሄደ። የኦርኬስትራው መሪ ኖታ ማንበብ እንደማይችል ጠርጥሮ ኖሯል። አንድ ጠዋት ልምምድ ላይ፣ ዘማሪው ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ የኖታውን መጽሐፍ ገልብጦ ሰጠው። እሱ መጽሐፉን በክብር ዘርግቶ፣ ገጽ እየገለበጠ፣ አንድ ሳይሳሳት ዘፈነ። ሲጨርስ መሪው «ድንቅ ነው፤ ተዘቅዝቆም ታነባለህ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንዲት ሴት ዘማሪ ትንፋሽ እስኪያጥራት ድረስ ስቃ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ቀይ ሹራብ ለብሳ ነበር። ይህንንም አልረሳም። ለየኔታ ግን አልነገራትም፤ ለእሷ ሁልጊዜ «ያከብሩኛል» ነበር የሚላት።

ከዓመታት በኋላ ወደ ታላቅ ከተማ፣ ወደ ታላቅ የኦፔራ ቤት ተሻገረ። ሥራው ግን ተጠባባቂነት ነው። ተጠባባቂ ማለት የሌላውን ሰው ሚና ሸምድዶ ያ ሰው እስኪታመም የሚጠብቅ ነው፤ ከወራሽ በምንም አይለይም። በየወሩ መጀመሪያ ፕሮግራሙን ለየኔታ በስልክ ይነግራታል፤ የትኛው ቀን በትንሽ ሚና መድረክ ላይ እንደሚወጣ፣ የትኛው ነፃ ቀኑ እንደሆነ። በመድረክ ቀን አትደውልም። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናትና።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሆቴሉ ስልክ ጮኸ። ከቲያትሩ ነው። ዋናው ቴነር ሲነቃ ድምፁ የለም።

«ዛሬ ማታ አንተ ነህ። አትናገር። ከሰማኸኝ የስልኩን እጀታ አንዴ አንኳኳው።»

በጥፍሩ አንኳኳ።  አንገቱን ጠቀለለ፤ በሳህን የፈላ ውሃ አድርጎ ራሱን በፎጣ ሸፍኖ እንፋሎቱን ሳበ። በሆዱ ዳኛው ነበሩ። ነገ ጋዜጣው ይወጣል። ነገ።

ቀትር ላይ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ቲያትሩ መስሎት አነሳው።

«እኔ ነኝ» አለች የኔታ።

 ዝም አለ።

«ከትምህርት ቤቱ ቢሮ ነው፣ ሰው ሳይመጣ ቶሎ ልናገር። አባዬ ልቡ በጣም ደክሟል። እና ሐኪሙ… ጠየቀኝ። ለራሱ። ዛሬ መልስ እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ። ጥሩ ሰው ነው። ጥሩ ሰው ስለሆነ ነው ተስፋ እየሰጠሁ ላቆየው ያልፈለግኩት።»

መስመሩ ይንጫጫል። 

«አንተ ‹ጠብቂኝ› ካልከኝ እስክሸብት እጠብቃለሁ። ቃል በቃል ነው የምልህ። ብቻ በለኝ። ከዚህ በኋላ አንተ ያልከኝን ሳይሆን እኔ የተመኘሁትን ይዤ መኖር አልችልም። አንዲት ቃል።»

እጀታውን በጥፍሩ አንኳኳ። የመስመሩ ጫጫታ ዋጠው።

«አለህ አይደል?» አለች ድምፏ እየሳሳ። «አለህ። ትንፋሽህን አውቀዋለሁ።»

አፉን ከፈተ። ይህ መቼም አይካድም፤ ከፈተ። አንዲት ቃል ጉሮሮ እንደማትሰብር ያውቃል። ግን ዘፋኝ ማለት በመድረኩ ቀን ጥላውን የሚፈራ ፍጡር ነው። ደግሞም ዛሬ ቢናገር የሚናገረው ያው ጫኙ ነው፤ ነገ ቢናገር ግን ስም ያለው ሰው ነው። ደግሞም የኔታ ታውቃለች፤ ሕጉ የሷ ነው፤ ዝምታውን ከእሷ በላይ ማን ይረዳዋል? አፉን ዘጋው። «ነገ» አለ በሆዱ።

«እሺ» አለች። «ገባኝ።»

የተኛ ሰው እንዳይነቃ በር እንደሚዘጋ ሰው፣ ስልኩን በቀስታ አስቀመጠችው።

በዚያ ቀን የዘፈነውን አብረውት የዘፈኑት ዛሬም ያወሩታል። በመጨረሻው ገቢር ፍቅረኛው ክንዱ ላይ ስትሞት ያወጣት ድምፅ ሦስት ጎረምሳ የብርሃን ሠራተኞችን አስለቅሳለች፤ የብርሃን ሠራተኛ ደግሞ በቀላሉ አያለቅስም። መጽሐፉን የገለበጠው መሪ ከሩቅ ከተማ ቴሌግራም ላከ። ቴነር ሆነ። በአንድ ምሽት።

ጠዋት ጋዜጣውን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ደወለ። ያነሱት ዳኛው ናቸው።

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ልጅዎን ያገናኙኝ።»

«እህ። ልጄ ትናንት ለሐኪሙ ቃሏን ሰጥታለች።»

«ያገናኙኝ ብቻ።»

እጀታው ጠረጴዛ ላይ ተጣለ። የእግር ኮቴ ሰማ። ከሩቅ የሴት ድምፅ ሰማ፤ ቃሉ ግን አልተለየውም። ከዚያ ዳኛው ተመለሱ፤ ያኔ እንኳ ድምፃቸው ውስጥ ፌዝ አልነበረም።

«‹ትናንት ነበር› ብላለች» አሉት። መስመሩ ተቋረጠ።

በዚያች ሰዓት አውሮፕላን ተሳፍሮ ቢሄድ ምን ይሆን ነበር? በሩ ላይ ቆሞ «የዝምታ ቀኔ ነበር» ቢላት? እሱ ግን ተቀየመ። አንድ ቀን መጠበቅ አቃታት አለ። ሕጉን እያወቀች፣ ዝምታዬን እያወቀች፣ አንዲት ሌሊት አላምን አለችኝ አለ። ቂም የለመደ ልብ ሁሉን ነገር ወደ ቂም ይተረጉማል። ዳኛው፣ ባለ ቀይ ሹራቧ፣ መሪው በተቀመጡበት የልቡ ጓዳ ውስጥ እሷንም ወስዶ አስቀመጣት።

ካሴት መምጣቱ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ ሰው የሚያውቀው ነው። በረዶ የሚወርድባቸው ከተሞች፣ ባሕር ዳር ያሉ ከተሞች፣ ቀይ ወንበር የሞላባቸው አዳራሾች። ሆቴል፣ ባቡር፣ መልበሻ ክፍል፣ ፊትን የሚያሳክክ ቅባት፣ በሰው ላብ የሸተተ የንጉሥ ካባ። መድረክ ላይ ስንቴ ተዳረ፣ ስንቴ በመርዝ ሞተ፣ ስንቴ በጩቤ። ከመድረክ ሲወርድ የሚጠብቀው ስካርፉ ነው። ሚናውን የሚቀዱለት ፒያኖ መቺዎች ነበሩት፤ ጎበዞች ናቸው፣ ክፍያቸውም ያን ያህል ነው። ካሴቱ ሲያልቅ ግን ጥጉ ላይ ማንም አይናገርም፤ ሽው የሚል ብቻ ነው። እሱ እስከ መጨረሻው ይሰማዋል።

አንድ ቀን እህቱ ደወለች።

«ዳኛው አረፉ።»

«ነፍስ ይማር» አለ፤ ቀጥሎም መጠየቅ የሌለበትን ጠየቀ፦ «ጋዜጣ ያነቡ ነበር?»

«የምን ጋዜጣ? ከልጃቸው ሠርግ በኋላ ዓይናቸው ጠፍቶ የለ እንዴ። ሬዲዮም አይሰሙ፣ ጆሯቸውም እንደዚያው። ምነው?»

«ምንም።»

ስልኩን ዘግቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ለካ ያን ሁሉ ዘመን የዘፈነው ለዕውርና ለደንቆሮ ነው። መሳቅ ፈለገ፤ የወጣው ሌላ ነገር ነበር።

ፀጉሩ ሲሸብት፣ ላይኛዋ ድምፅ እየሳሳች ስትመጣ፣ የተወለደባት ከተማ አዳራሿን አድሳ «ና ክፈትልን» አለችው። ሄደ። ከኦርኬስትራው ጋር ከመገናኘቱ በፊት በፒያኖ እንዲለማመድ የድሮው ሙዚቃ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ሰጡት። አዲስ ክፍል ነው፤ ሰፊ፣ መስኮቱ የሚዘጋ። «አጃቢዋ ትመጣለች» አሉት። ማን እንደሆነች አልጠየቀም። አልጠየቀም ማለት ፈርቶ ነው።

በሩ ተከፈተ። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ፀጉሯ ከግንባሯ በላይ ነጥቷል። ትንሽ ታነክሳለች። ቆመች፤ እሱም ቆመ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ባልዲ እየጎተተ አለፈ።

«አንቱ ልበልህ አንተ?» አለችው።

«የኔታ አንቱ አይልም።»

ፈገግ አለች፤ ተቀመጠች፤ ቁልፎቹን ነካች። ሲለማመዱ ዋሉ። ላይኛዋ ድምፅ ጋ ሲደርስ፣ እንደምትሰበር አውቃ፣ ማንም ሳይነግራት ፒያኖውን ዝግ አድርጋ ጠበቀችው። እስክትወጣለት ታገሰችው። እንዲህ የጠበቀው ሰው በዚያ ሁሉ አገር አልነበረም።

ሲያርፉ ስለ ኑሮዋ ነገረችው። ሐኪሙ ደህና ነው። ልጃቸው ኖታ ጠልታ መሐንዲስ ሆናለች።

«እንዳንተ ነች፣ ጉንዳን ይመስላታል» አለች። «እሱ… እሱ ሰው ነው። ጉልበቴ መታጠፍ እንቢ ካለ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ተንበርክኮ ጫማዬን ያስርልኛል። ሽማግሌ ሐኪም፣ እስቲ አስበው፣ ታካሚ እየጠበቀው።»

«ጥሩ ሰው ነው» አለ። አሁን ነው ከልቡ ያለው።

 እሷ የፒያኖውን ክዳን ቀስ ብላ ዘጋችው፣ መዳፏንም ከላዩ አሳረፈች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ተቆጥቼ አይደለም፣ ቁጣው አልቋል። ያን ቀን ስደውልልህ የነገርከኝን ፕሮግራም አስታውሼ ነው። የዝምታ ቀንህ እንዳይሆን ተጠንቅቄ፣ ነፃ ቀንህን መርጬ ነው የደወልኩት። ለምን ነበር ዝም ያልከኝ?»

ለካ አላወቀችም። ድንገት እንደተጠራ፣ ማክሰኞዋ ከነፃ ቀን ወደ መድረክ ቀን እንደተለወጠች የነገራት የለም። ጋዜጣው የከተማቸው ኪዮስክ የሚደርሰው ወር አልፎት ነው፤ በዚያ ላይ ለተዳረች ሴት የድሮ ፍቅረኛዋን ጋዜጣ ማን ያነብላታል? እሱ እያወቀች ጣለችኝ ብሎ ዕድሜውን ፈጀ። እሷ ደግሞ ነፃ ሆኖ፣ ጉሮሮው ደህና ሆኖ፣ እየተነፈሰ እምቢ አለኝ ብላ ኖረች።

መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። አጭር ናት። «ያን ቀን ሳላስበው ጠሩኝ።» ብትወጣ እሱ ይነጻል።

«መጀመሪያ ላይ ከበደኝ» አለች መዳፏን እያየች። «ፒያኖ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። በኋላ ግን አረፍኩ። ቢፈልገኝ ኖሮ ይናገር ነበር አልኩ። እዚህ ላይ ቆሜ ነው ቤቴን የሠራሁት፣ ልጄን ያሳደግኩት፣ ያንንም ሰው መውደድ የለመድኩት። እምቢ የተባለ ሰው ቢያንስ መንገዱን ያውቃል። እና ለማወቅ ያህል ነው።»

አያት። ዓይኗ ውስጥ ያለው ሰላም ብዙ የተከፈለበት ሰላም እንደሆነ አየ። ወደ ታች ሲያይ ጫማዋን አየ፤ ማሰሪያው እንዳይፈታ በጥንቃቄ ሁለቴ የተቋጠረ ነው። ይህን ቋጠሮ ዛሬ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ተንበርክኮ ነው ያሰረው። አንዲት ቃል ከአፉ ብትወጣ ነገ ጠዋት ያ ሽማግሌ ሲንበረከክ ይህች ሴት አናቱን እያየች ምን ታስባለች?

ደግሞም እውነቱ ያ ብቻ አይደለም። አፉን ከፍቶ ነበር። ወዶ ነው የዘጋው። ያንን ቲያትሩ አላዘዘውም፤ ዳኛውም አልከለከሉትም።

ተነሳ። ካፖርቱን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ለበሰ፤ አዝራሩን ከታች ጀምሮ እስከ አንገቱ ቆለፈ። ጣቶቹ ቸኩለው ሁለቴ ሳቱ።

«አትነግረኝም?» አለች በቀስታ።

እጁን ትከሻዋ አጠገብ አደረሰው፤ ሳይነካት መለሰው። ከዚያ በሩን ከፍቶ በኮሪደሩ ረጅም ወለል ላይ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ወጥቶ ሄደ።